ታስሮ የወጣው፣ ሽጉጥ ይዞ የተመለሰው
ሕጉ ለደጋጋሚ ወንጀለኛ ያዘጋጀው ቅጣትና ቅጣቱ የሚቆምበት መዝገብ

ማምሻ ላይ ሰባተኛ ሁለት ዓይነት ሰው ይገናኝበታል። ከአውቶቡስ ተራ ወገን ከክፍለ ሀገር የገባ መንገደኛ ሻንጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ታክሲ ይፈልጋል። ከገበያው ወገን ደግሞ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ የቀኑን ሽያጭ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ፣ ግራ ቀኙን እየቃኘ ይራመዳል። ተሸካሚው በጭነቱ ሥር ጎንበስ ብሎ «ዞር በሉ!» እያለ ያልፋል። አይሱዙው የመጨረሻውን ካርቶን ይጭናል፤ የሱቆቹ የብረት መዝጊያዎች እየተንኳኩ ይወርዳሉ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ሰዓት ብቻውን አይሄድም። ሁለት ሦስት ሆኖ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ሰፊውን መንገድ ይዞ ነው የሚወጣው።

የሚፈራው ማጅራት መቺን ነው። ከኋላ በክንዱ አንቆ የሚጥል ወይም ቢላ መዝዞ የሚቀማ ሌባ ለመርካቶ ዙሪያ አዲስ አይደለም። ነጋዴውም፣ ተሸካሚውም፣ የሰፈሩ ጥበቃም እንዲህ ያለውን ሌባ እንዴት እንደሚከላከሉት ያውቃሉ፤ ይጯጯሃሉ፣ ይከባሉ፣ ይይዛሉ። ሽጉጥ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ዘዴ ይፈርሳል። ማካሮቭ የሚባለው ሽጉጥ ያለጥይት 730 ግራም ይመዝናል፤ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ወገብ ላይ ተሽጦ ሹራብ ቢወርድበት አይታይም። እንዲህ ያለ መሣሪያ በያዘ አንድ ሰው ፊት ሃምሳ ሰው የሞላበት መንገድ ወደ ኋላ ይላል።

ሰፈርተኛው ከሁሉ አብልጦ የሚያማርረው ግን ሌላ ነገር ነው። «ያው የታሰረው ልጅ ነው እኮ፤ ወጥቶ ተመለሰ» ይባላል። ሕዝቡ ሕግ የለም ብሎ አያስብም። ሕጉ አንድን ሰው ይይዘዋል፣ ያስረዋል፣ ይለቀዋል፤ ሰውየው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ሲመለስ ግን ልክ እንደ አዲስ ሰው የሚታይ ይመስለዋል። ጥርጣሬው ምን ያህል እውነት እንዳለው ለማወቅ ሕጉን ከፍቶ ማየት፣ ከዚያም ሕጉ የሚሠራበትን ችሎትና መዝገብ መመርመር ያስፈልጋል።

መሣሪያውና ሕጉ

ኢትዮጵያና ጠመንጃ የቆየ ዝምድና አላቸው። ስናድር፣ ውጅግራ፣ አልቢን፣ ምንሽር እያለ ትውልዱ መሣሪያዎቹን እንደ ዘመድ በስማቸው ይጠራቸው ነበር። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የዘመተው ገበሬ የራሱን ጠመንጃ ይዞ የወጣ ብዙ ነው። በአማራ ክልል ገጠሮች ዛሬም ጠመንጃ የጎልማሳነት ምልክት፣ የርስት ጠባቂ፣ የሠርግና የለቅሶ ድምፅ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በዚህ አገር ስለ መሣሪያ ሕግ የሚጽፍ ሰው መሣሪያ የያዘን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት አይችልም።

የመንግሥት ሕግ ግን ቀስ በቀስ ጠብቋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። እሱን ተክቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 481 ያለፈቃድ የጦር መሣሪያ መሥራትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥን፣ ማከማቸትንና መደበቅን ይቀጣል። ቀለል ያለውን ጥፋት ደግሞ በአንቀጽ 808 በደንብ መተላለፍ ክፍል ያየዋል።

ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ በሌላ ፍጥነት ሄደ። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በተደረገው የድጋፍ ሰልፍ ላይ ቦምብ ፈነዳ። ከዓመት በኋላ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር የአማራ ክልል መሪዎች፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን በጥይት ተገደሉ። በዚያው ዘመን በተለይ በሱዳን ድንበር፣ በመተማና በሁመራ መስመር የሚገቡ የቱርክ ሥሪት ሽጉጦች መያዛቸው በየሳምንቱ ዜና ሆኖ ነበር። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የመንግሥት መረጃ መሠረት በአንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ 21 መትረየሶች፣ ከ33,000 በላይ ሽጉጦች፣ 275 ጠመንጃዎችና 300,000 ጥይቶች ተይዘዋል። ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ሽጉጡን ልብ ይሏል። ገበሬ ርስቱን በሽጉጥ አይጠብቅም። ሽጉጥ የከተማ መሣሪያ ነው፤ ተደብቆ የሚያዝ፣ በቅርብ የሚተኮስ፣ ከተተኮሰም በኋላ ተሸሽጎ የሚጠፋ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ መጨረሻ 2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያጸደቀው በዚህ ድባብ ውስጥ ነው። አዋጁ መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ አቆመው። ፈቃዱን ለሚጠይቅ ሰው መመዘኛ አወጣ፤ ከዕድሜውና ከአእምሮ ጤናው ጋር ያለፈ የወንጀል ታሪኩም እንዲታይ አደረገ። ፈቃድ ሳይኖረው አንድ መሣሪያ የያዘውን ሰው ብዙ መሣሪያና ጥይት ከሚያዘዋውረው ለይቶ፣ ለሁለተኛው እጅግ የከበደ ቅጣት ደነገገ። ቁጥጥሩ በዋናነት ለፌዴራል ፖሊስ ተሰጠ።

አዋጁ በወጣ በዓመቱ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ፤ መሣሪያም ከግምጃ ቤት ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ገበያ ፈሰሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የአዲስ አበባ አስተዳደር መሣሪያ ያለው ነዋሪ ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ አዘዘ። ትእዛዙ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ፤ በዋና ከተማዋ ቤቶች ውስጥ ያልተመዘገበ መሣሪያ እንዳለ መንግሥት ያውቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ስለተነሣ የመሣሪያው ዝውውር አልደረቀም።

ከሰባተኛ እስከ ልደታ

በቀላል ባቡሩ መስመር ከሰባተኛ ተነሥቶ አብነትንና ዳርማርን ያለፈ ሰው ልደታ ይደርሳል። በመርካቶ ዙሪያ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች በብዛት የሚታዩትም እዚያው ልደታ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ስለ ደጋጋሚ ወንጀለኛ የሚነገረው ሁሉ የሚፈተነው በዚያ ችሎት፣ የጥፋተኝነት ውሳኔ ከተነበበ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዳኛው ስለ ተከሳሹ ያለፈ ሕይወት ማወቅ የለበትም። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 138 የተከሳሹ የቀድሞ ጥፋት ጥፋተኛ ከመባሉ በፊት ለፍርድ ቤቱ እንዳይገለጽ ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳኛው «ይኼ ሰው ከዚህ በፊትም ሰርቋል» የሚለውን አስቀድሞ ከሰማ፣ ሽጉጡ በእርግጥ በዚህ ሰው ወገብ ላይ ተገኝቷል ወይስ አጠገቡ ከቆመው ሰው የወደቀ ነው የሚለውን ጥያቄ በነጻ ልብ አይመዝንም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ሰጥቶታል።

ውሳኔው ሲነበብ ግን በሩ ይከፈታል። ዳኛው ዐቃቤ ሕጉን የቅጣት አስተያየቱን ይጠይቁታል። ዐቃቤ ሕጉ ሪከርድ ካለው የሚያቀርበው አሁን ነው፤ በየትኛው ፍርድ ቤት፣ በየትኛው መዝገብ ቁጥር፣ በምን ወንጀል፣ ስንት ዓመት እንደተፈረደና መቼ እንደተፈታ። ተከሳሹ «እኔ አይደለሁም» ካለ ማስረጃ ይቀርባል። ከዚያ ተራው የመከላከያው ነው። ከወረዳው የቤተሰብ ኃላፊ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከሆስፒታል የሕክምና ወረቀት፣ አንዳንዴም ከእድሩ የምስክርነት ቃል ይወጣል። ከኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ያቀፈች ሚስት ወይም ነጠላዋን አፏ ላይ የያዘች እናት ትታያለች። ዳኛው እነዚህን ሁሉ ተቀብለው ማክበጃና ማቅለያ ብለው ይለያሉ።

ከዚህ በኋላ የሚሠራው ስሌት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 88 መሠረት ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ የመጀመሪያው በ2002፣ የተሻሻለው ቁጥር 2 ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ነው። መመሪያው ቅጣቱን በእርከን ከፋፍሎታል። ዳኛው መነሻውን ይይዛል፤ ለማክበጃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ለማቅለያ ወደ ታች ይወርዳል። ለአንዳንድ ወንጀሎች ደረጃ ወጥቶላቸዋል። ደረጃ ያልወጣላቸውን ደግሞ ዳኛው ራሱ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ብሎ ይመድባቸዋል። የመሣሪያ አዋጁ ከመመሪያው ስድስት ዓመት ዘግይቶ ስለመጣ ይህ ምደባ በአብዛኛው የሚወድቀው በዳኛው ትከሻ ላይ ነው። አንድ ዳኛ መካከለኛ ያለውን ሽጉጥ ሌላው ከባድ ሊለው ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ልዩነት በሰውየው እስር ላይ ዓመታት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን

በአንዳንድ አገሮች ቀድሞ የተፈረደበት ሰው መሣሪያ መያዙ ብቻ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የእኛ ሕግ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ያለፈቃድ መያዝ ለማንም ሰው ክልክል ነው፤ ያለፈው ጥፋት የሚገባው ከቅጣቱ ላይ ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 67 ደጋጋሚን የሚያየው በጊዜ ነው። ቅጣቱን በሙሉም ሆነ በከፊል የፈጸመ ወይም በይቅርታ የተለቀቀ ሰው በ5 ዓመት ውስጥ ሆን ብሎ ሌላ ከበድ ያለ ወንጀል ከሠራ ደጋጋሚ ይባላል። ሁለቱ ወንጀሎች አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። ትናንት በስርቆት የታሰረ፣ ዛሬ በሽጉጥ የተያዘ ሰው በዚህ አንቀጽ ሥር ሊገባ ይችላል። በዚህ ጊዜ አንቀጽ 188 ዳኛውን ነጻ ያወጣዋል፤ ለአዲሱ ወንጀል በተጻፈው ጣሪያ ላይ እንዲቆም አይገደድም። ለዚያ ዓይነት ቅጣት ሕጉ በጠቅላላ ክፍሉ ያኖረው ወሰን ግን እንዳለ ይቆያል። ጽኑ እስራት፣ ዕድሜ ልክ ካልሆነ በቀር፣ ከ25 ዓመት አያልፍም። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ በተደጋጋሚ ለተቀጣ ሰው ግን እስከ 5 ዓመት ሊደርስ ይችላል።

ሌላም በር ይዘጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ ሰው ቅጣቱ በገደብ እንዲቆምለት ሊለምን ይችላል። ቀድሞ ጽኑ እስራት ወይም ከ3 ዓመት የበለጠ ቀላል እስራት ፈጽሞ፣ አሁን ደግሞ እንደዚያው ያለ ቅጣት የተወሰነበት ሰው ግን ይህን ዕድል አያገኝም። አንቀጽ 84ም ወንጀልን ልማዱ ያደረገንና በአደገኛነቱ የሚታወቅን ሰው ቅጣት ያከብዳል። ሽጉጡ ለዝርፊያ ውሎ ከሆነ ደግሞ ክሱ ብቻውን አይቆምም። አንቀጽ 670 ውንብድናን ከ1 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ መሣሪያ ሲገባበት ነገሩ ወደ ከባዱ ውንብድና ያልፋል። የተደራረቡ ወንጀሎች ቅጣትም ይደመራል።

እንግዲህ ሕጉ የላላ አይደለም። «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» የሚለውን የአበው አባባል ሕግ አውጪውም ልብ ብሎታል። ልማድ የሆነ ጥፋት ለአንድ ጊዜ ስሕተት በሚሆነው ቅጣት እንደማይመለስ ተገንዝቦ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ ቅጣት ሠርቷል። ይህ አንድን ጥፋት ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው የሚሉ አሉ፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 23 ያንን ይከለክላል። ነገር ግን ዳኛው የሚቀጣው የዛሬውን ሽጉጥ ነው። የትናንቱ እስር የሚታየው ሰውየው ቅጣት ምን እንደሆነ ቀምሶ፣ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ፣ ዐውቆ የደገመ መሆኑን ለማሳየት ነው። ጥፋቱን የሚያከብደው ያ ዕውቀት ነው።

የማይገናኙ መዝገቦች

ታዲያ ሰፈርተኛው ለምን ያማርራል? መልሱ ያለው መዝገብ ላይ ነው። ከላይ የተዘረዘረው የቅጣት ደረጃ ሁሉ የቆመው በአንዲት ወረቀት ላይ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉ ከውሳኔ በኋላ በሚያቀርባት የቀድሞ ጥፋት ማስረጃ ላይ። ያቺ ወረቀት ከሌለች አንቀጽ 67 የለም፣ አንቀጽ 188 የለም። ሦስት ጊዜ የታሰረው ሰው ችሎት ፊት የሚቆመው «ቀደም ሲል ጥፋት የለበትም» የሚል ማቅለያ ይዞ ነው። እርከኑ መውጣት ሲገባው ይወርዳል።

ወረቀቷ የምትጠፋባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ስሙ ከአባቱና ከአያቱ ጋር ነው የሚጻፈው። አንድ ዓይነት ስም እስከ አያት የሚጋሩ ሰዎች በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ እንኳ ይገኛሉ። በሌላ በኩል ደግሞ አንዱ ሰው በአንዱ ጣቢያ የቤት ስሙን፣ በሌላው የክርስትና ስሙን፣ በሦስተኛው የአያቱን ስም ቀይሮ ሊሰጥ ይችላል። መጀመሪያ የተፈረደበት ክልል ውስጥ ከሆነ መዝገቡ ያለው በዚያው ክልል ፍርድ ቤት መደርደሪያ ላይ ነው። መርማሪው ቀነ ቀጠሮ እየደረሰበት ደብዳቤ ጽፎ መልስ እስኪያገኝ ጉዳዩ ውሳኔ ያገኛል።

መፍትሔው የራቀ አይደለም፤ በእጃችን ላይ ያለ ነው። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ ከወንጀል ነጻ መሆኗን ለማስመስከር የዐሥር ጣቷን አሻራ ለፌዴራል ፖሊስ ትሰጣለች። ባንክ የሚቀጠር ወጣትም እንደዚሁ ይጠየቃል። ንጹሑ ሰው ንጽሕናውን በአሻራ ካረጋገጠ፣ ሽጉጥ ይዞ የተገኘው ሰው ማንነትም በአሻራ መረጋገጥ አለበት። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጥቶ ፋይዳ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው አሻራና የዓይን ብሌን ምልክት እየመዘገበ ነው። የሰው መረጃ በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት የታወቀ ነው፤ ፖሊስ እንደፈለገ የሚከፍተው ሳጥን መሆን የለበትም። በፍርድ ቤት ውሳኔ የተመዘገበ ጥፋት ግን ከተራ መረጃ ይለያል፤ የአገር መዝገብ ነው። ከልደታ ችሎት፣ ከባሕር ዳርና ከደብረ ብርሃን ፍርድ ቤቶች፣ ከማረሚያ ቤቶችና ከመሣሪያ ፈቃድ ሰጪው ክፍል ጋር ሊገናኝ ይገባዋል።

መዝገቡ በአሻራ መያዙ ለተከሳሹም ይጠቅማል። በስም መመሳሰል የሌላ ሰው ሪከርድ የተለጠፈበት ሰው ያለጥፋቱ ዓመታት ሊጨመርበት ይችላል። አሻራ አጥፊውን እንደሚያጋልጥ ሁሉ ንጹሑንም ያድናል።

ሁለት ሰዎች

ሕጉ ሲጠብቅ በማን ላይ እንደሚጠብቅ ማሰብ ያስፈልጋል። ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን እናስብ። አንደኛው ከሰሜን ሸዋ ገጠር በጦርነቱ ዘመን የተፈናቀለ፣ ክላሹን በማዳበሪያ ጠቅልሎ ዘመድ ቤት ይዞ የመጣ ገበሬ ነው። ከዓመታት በፊት በድንበር ጠብ ሰው ደብድቦ ታስሯል። ሁለተኛው በውንብድና ታስሮ ወጥቶ፣ በሁለተኛው ዓመት ሰባተኛ አካባቢ ማምሻ ላይ ነጋዴ ሲከተል ሽጉጥ ወገቡ ላይ የተገኘ ሰው ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱም ቀደም ሲል የተቀጡ፣ ሁለቱም ያለፈቃድ መሣሪያ የያዙ ናቸው።

አንቀጽ 88 ዳኛው የአጥፊውን ጥፋት፣ አደገኛነት፣ ያለፈ ሕይወት፣ ምክንያትና የኑሮ ሁኔታ እንዲመዝን የሚያዘው ለዚህ ነው። ገበሬው መሣሪያውን ሊያስረክብ፣ ቅጣቱም ሊለዝብለት ይገባል። የሁለተኛው ሽጉጥ ግን ዝርፊያው ሊፈጸም ጥቂት እርምጃ እንደቀረው ያሳያል። በእሱ ላይ የሚፈረደው ነጋዴው፣ ተሸካሚውና መንገደኛዋ ማምሻውን በሰላም ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ተብሎ ነው። እነሱም መብት አላቸው፤ በመብቱ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

አሜሪካ ያየችው

የዋሽንግተንና የሚኒሶታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት አገር ይህ ክርክር አርባ ዓመት አስቆጥሯል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከአንድ ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የተፈረደበት ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ሕግ ደግሞ በኃይል ድርጊት ወይም በከባድ የዕፅ ወንጀል ሦስት ጊዜ የተፈረደበት ሰው መሣሪያ ይዞ ከተገኘ ቢያንስ 15 ዓመት እንዲታሰር ያዛል። ዳኛው ከዚያ በታች ልውረድ ቢል በመደበኛው አይችልም። በ2022 ለመደበኛው የይዞታ ወንጀል የነበረው የ10 ዓመት ጣሪያም ወደ 15 ዓመት ከፍ ብሏል።

ይህ ጥብቅነት ዋጋ አስከፍሏል። የትኛው ወንጀል «የኃይል ድርጊት» ነው በሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ሲጨቃጨቁ ኖረው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የሕጉን አንድ ሐረግ ግልጽነት የጎደለው ነው ብሎ ሰርዞታል። ካሊፎርኒያ በ1994 ባወጣችው የሦስት ጊዜ ሕግ ምክንያት በሦስተኛ ጊዜ ቀላል ስርቆት የፈጸሙ ሰዎች ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው ነበር። መራጩ ሕዝብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጉን አሻሽሎ ሦስተኛው ጥፋት ከባድ ወይም የኃይል ድርጊት እንዲሆን አደረገ።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ዳኛውን እጅ ከወርች አስሮ በቁጥር ብቻ እንዲፈርድ ማድረግ ገበሬውንና ወንበዴውን አንድ ጉድጓድ ይከታቸዋል። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 እንዳስተማረው ወንጀልን የሚገታው ከቅጣቱ ጭካኔ ይልቅ አለመቅረቱ ነው። ማጅራት መቺው የሚፈራው ሕጉ ላይ የተጻፈውን የዓመት ቁጥር አይደለም፤ ምናልባት አንብቦትም አያውቅ። የሚፈራው ሲያዝ ማን እንደሆነ መታወቁን ነው። ዛሬ ስሙን ቀይሮ ማምለጥ ከቻለ 25 ዓመት ተብሎ ቢጻፍም አያስፈራውም።

የመውጫው በር

ደጋጋሚ የሚሆነው ሰው አንድ ቀን ከማረሚያ ቤት በር የወጣ ሰው ነው። ያቺ ቀን ችላ የተባለች ቀን ናት። ልብሱን በፌስታል ይዞ፣ ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ ተበድሮ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። ሥራ ሲጠይቅ አሻራ ይባላል፤ ቤት ሲከራይ ተያዥ ይጠየቃል። ከሚቀበሉት ሰዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚደርሱት የድሮ ጓደኞቹ ናቸው።

ሕጉ ለእሱም የከፈተው በር አለ። ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ያለው የመሰየም ክፍል ቅጣቱን ፈጽሞ በመልካም ሥነ ምግባር የኖረ ሰው ጥፋቱ ከመዝገቡ እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅድለታል። ለጽኑ እስራት 5 ዓመት፣ ለቀላሉ 2 ዓመት ይጠበቃል። በይቅርታ የተፈታ ሰው ደግሞ ሪከርዱ እንደሚቀርና በአንቀጽ 67 እንደሚቆጠርበት፣ በምሕረት የተለቀቀው ግን ፍርዱ ጨርሶ እንደሚፋቅለት ማወቅ አለበት። እነዚህን ልዩነቶች የሚያውቅ ተፈቺ ጥቂት ነው። ማንም አልነገረውምና።

ስለዚህ ከሕግ አውጪው፣ ከፍርድ ቤቱና ከፖሊስ የሚጠበቀው አዲስ ጭካኔ አይደለም። አንደኛ፣ የተፈረደበት ሰው ሁሉ አሻራ በአንድ አገር አቀፍ የፍርድ መዝገብ ይያዝ፤ ዐቃቤ ሕግም የቅጣት አስተያየቱን ከማቅረቡ በፊት መዝገቡን መመልከት ግዴታው ይሁን። ሁለተኛ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለመሣሪያ አዋጁ ወንጀሎች ደረጃ ያውጣ፤ ለዝርፊያ የተያዘ ሽጉጥና ከቀዬ የተሰደደ ጠመንጃ በተለያየ እርከን ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ ማረሚያ ቤቶች ለሚፈታ ሰው ሁሉ በሚገባው ቋንቋ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይስጡት፤ መሣሪያ ቢይዝ ምን እንደሚጠብቀው፣ መዝገቡንም መቼና የት እንደሚያሰርዝ የሚነግር። አራተኛ፣ በማረሚያ ቤት የሚሰጠው የሙያ ሥልጠና ተፈቺው ከበሩ ሳይወጣ ከሥራ ጋር ይያያዝ።

ለአንባቢም አንድ ቃል አለ። ለራሴ መከላከያ ብላችሁ ያለፈቃድ ሽጉጥ የገዛችሁ፣ ያ ሽጉጥ ከቤታችሁ ሲሰረቅ የሚደርሰው ማጅራት መቺው እጅ ነው። አስመዝግቡት ወይም አስረክቡት። ስትዘረፉም ቃላችሁን ሰጥታችሁ፣ ችሎት ተጠርታችሁ ስትቀሩ አጥፊው ያለ ፍርድ ይወጣል፤ ያለ ፍርድ የወጣ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ሪከርድ የለውም። ደጋጋሚን በሕግ ማስቆም የሚጀምረው የመጀመሪያውን ጉዳይ እስከ ፍርድ በማድረስ ነው፤ ለዚያም ምስክር ሆኖ መቅረብ የሁላችንም ግዴታ ነው።